ባሊ የተነሳበት ወንበር

ዓመቱን ጠይቃችሁ አታድክሙኝ፤ በትክክል አላስታውሰውም። ጂንካ መሠረተ ትምህርት ገብቶ እኔም በስተርጅና ፊደል ከለየሁ በኋላ ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ግን ገና ብዙ ይቀረው ነበር። ስንሄድ በቆሎው እሸት ነበር፤ ስንመለስ አገዳው ደርቆ ይንኳኳል። ወቅቱን የማውቀው በዚህ ነው። የቀረውን ግን፣ ያየሁትንም የሰማሁትንም፣ አንድ በአንድ ልነግራችሁ እችላለሁ፤ በዚያ ጉዞ የደነገጥኩትን ያህል በዕድሜዬ ደንግጬ አላውቅምና።

እኔ ወልዴ እባላለሁ፤ ጂንካ ገበያ ዳር በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። የተጓዝኩት ለራሴ ጉዳይ አይደለም፤ ለወዳጄ ለባሊ ነው። ባሊ የበና ሰው ነው፤ ቤቱ ከካኮ ገበያ ወረድ ብሎ ነው። አባቱና አባቴ ወዳጅነት ተሳስረው ነበርና እኛም እንደ ርስት ወረስነው። እሱ ማር ሲቆርጥ የኔ ድርሻ ይመጣል፤ እኔም ጥሩ ጨርቅ ሳገኝ የሱን እቆርጣለሁ።

አንዱን ዓይኑን በልጅነቱ እሾህ አጥፍቶበታል። በቀረችው አንዲት ዓይን ኖረ፤ ኋላ እሷንም ሞራ ጋረዳት። እኔ ነገሩን አቅልዬ ይዤው ነበር። አንድ ቀን ካኮ ልጠይቀው ብሄድ ከበረቱ ደጃፍ ቆሞ አንድ በሬ በመዳፉ ይዳስሳል። ጀርባውን፣ ሻኛውን፣ ቀንዱን ዳሰሰና፣

«ይሄ የማን ነው?» አለ።

የራሱ በሬ ነበር። የበና ሰው ከብቱን የሚጠራው በመልኩ ነው፤ መልኩን ካላየ ስሙን ከየት ያመጣዋል? እዚያው ቆሜ አዲስ አበባ ወስጄ አሳክመዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ወደ ላይ፣ በጭነት መኪና

ባሊ ሁለት ላሞች ሸጠ። እኔ ከቀበሌ፣ እሱ ከገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት አወጣን። ያን ጊዜ ያለ ወረቀት ኬላ አይታለፍም።

ከጂንካ ቆዳ የጫነ መኪና ላይ ወጣሁ። ካኮ ስንደርስ ባሊ አዲስ ሸማውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ በርኮታውን በእጁ አንጠልጥሎ መንገድ ዳር ይጠብቀናል። በርኮታ የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአንድ እንጨት የተጠረበች ትንሽ መቀመጫ ናት፤ ሲተኙ ደግሞ ትራስ ትሆናለች። ወንድ ሁሉ የራሱ አለው፤ የሌላ ሰው በርኮታ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር ነው። ባሊን ጋቢና ከሾፌሩ ጎን አስገባሁት፤ እኔ ከላይ ከቆዳው ጋር ሆንኩ። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ቁልቁለቱን ወርደን ወይጦ ስንደርስ ሙቀቱ ፊት ይገርፋል። ውኃው ሞልቶ ነበርና እስኪጎድል ዛፍ ሥር ዋልን። ኮንሶ ላይ ቂጣና ሻይ ቀመስን። አርባ ምንጭ መግቢያ ኬላው ላይ አንድ ጠባቂ የባሊን በርኮታ አንስቶ አገላብጦ አየው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ወንበሬ ነው» አለ ባሊ።

«መኪናው ውስጥ ወንበር አለ እኮ።»

«ያ የመኪናው ነው። ይሄ የኔ ነው። አትቀመጥበት።»

ባሊ አንቱ ማለት አያውቅም፤ ለሹምም ለሕፃንም አንተ ነው። እኔ ላቤ መጣ። ጠባቂው ግን ስቆ መለሰለት። አርባ ምንጭ በሃምሳ ሳንቲም እቅፍ ሙሉ ሙዝ ገዝተን እየበላን አደርን፤ ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ ነበርና መንገዱ ቀለለን።

ሐኪሙ ያለው

ስለ አዲስ አበባ ብዙ አልጽፍም፤ ብዙም አላየሁ። ቀኔ ያለቀው ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ላይ ነው። ሻይ አሥራ አምስት ሳንቲም፣ ዳቦ ስሙኒ፤ በዚያ ከረምኩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ። ባሊን ቀዶ፣ ዓይኑን አሽጎ፣ አልጋ ላይ ካቆየው በኋላ እኔን ጠራኝ።

«አባት፣ ሞራው ወጥቷል። ቁስሉ እስኪጠግግ ግን ጭንቅላቱ መናጥ የለበትም። አያጎንብስ፤ ዕቃ አያንሳ። በምንድነው የምትመለሱት?»

«በመኪና ነበር» አልኩት።

«በዚያ መንገድ? አይሆንም። ከተናጠ ቁስሉ ይከፈትና ዓይኑ ይፈሳል። ያን ጊዜ ብትመልሱት የማደርገው የለኝም።»

«አውሮፕላንስ?»

«መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ቀና ብሎ ከተቀመጠ ይሆናል። ማሰሪያውን እሑድ ጂንካ ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር ይፍታው። እስከዚያ ማንም አይንካው።»

የጂንካው አውሮፕላን ያን ጊዜ መቀመጫው ሁለት ዓይነት ነበር። ከፊት ጥቂት ለስላሳ ወንበሮች አሉት፤ መደገፊያቸው እስከ ራስ ይደርሳል፤ ዋጋቸውም ከፍ ያለ ነው። ከኋላ ያለው በግራና በቀኝ ግድግዳው ላይ የተወጠረ የሸራ አግዳሚ ነው፤ መሐሉ ላይ ጆንያና ሣጥን በገመድ ይታሰራል። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚደገፈው ቆርቆሮውን ነው፤ አውሮፕላኑ በተንቀጠቀጠ ቁጥር እሱም አብሮ ይንቀጠቀጣል።

ለሁለታችንም ከፊት ቆረጥኩ። ከላሞቹ የቀረው ሁሉ እዚያ አለቀ። ገንዘቡ ማለቁን ለባሊ ስነግረው፣

«ላሟ ለዓይን ሄደች። ዓይን ከሌለ ላሟን ማን ያያታል?» አለ።

የፊት ወንበር

ጠዋት ነው። እጁን ይዤ መሰላሉን አወጣሁት፤ መቀመጫችንንም አገኘን። ባሊ ጀርባውን ደገፍ፣ ራሱን ጣል አደረገና መደገፊያውን በእጁ መታ መታ አደረገው።

«ወልዴ፣ ይሄ እንደ እናት ጀርባ ነው። ታዝያለሁ» አለኝ።

ደስ አለኝ። የሐኪሙን ቃል ሞላሁ ብዬ ቀበቶዬን አሰርኩ። ሌላው ሰው ከኋላ ገብቶ፣ ጆንያው ታስሮ አልቆ በሩ ሊዘጋ ሲል አንድ የአየር መንገዱ ሠራተኛ እየተቻኮለ መጣ። ከሱ በስተኋላ ደረጃው ላይ ካኪ የለበሱ ሁለት ሰዎች ቆመዋል።

«አባቶች፣ እንግዶች መጥተውብናል። ትንሽ ወደ ኋላ ብትሉልን።»

እኔ አፌን ሳልከፍት ባሊ ብድግ አለ። አሁንም ይታየኛል፤ ያ ዓይኑ የታሸገ ሰው በዳሰሳ ተነሳ፣ በርኮታውን ከእግሩ ሥር ፈልጎ አነሳ፣ ወንበሩን በእጁ ጠረግ አደረገና «ና ተቀመጥ» አለ።

«ባሊ፣ ተቀመጥ እንጂ። ሐኪሙ...»

«እንግዳ ቆሟል ወልዴ። ምን ልቀመጥ?»

ወደ ሠራተኛው ዞርኩ። «የኔ ልጅ፣ ይህ ሰው ዓይኑን ተቀዷል፤ መናጥ የለበትም» አልኩት።

«ጥቂት ሰዓት ነው አባባ፣ ምን አለበት? እሳቸው ራሳቸው ተነሡ አይደል?»

ይህን ብሎ ሄደ። ከፍለን የያዝነው ቦታ ላይ፣ ሙቀታችን ሳይወጣለት፣ ሌላ ሰው ተቀመጠ። ሰዎቹ ዞረው እንኳ አላዩንም። ብከራከርስ? ካኪ ነው የለበሱት። ያ ዘመን ሰው ከካኪ ጋር የሚከራከርበት አልነበረም። የባሊን እጅ ይዤ ወደ ኋላ መራሁት።

በሰማይ ላይ

ከኋላ ያገኘነው ቦታ በሩ አጠገብ፣ በጆንያና በሸራው መሐል ነው። እዚያ ያለች አንዲት ወፍራም ሴት፣ ሰልባጅ ነጋዴ ናት፣ የጨርቅ ጥቅሏን እግሯ ሥር አድርጋ ስንመጣ ታየናለች።

«እናንተን ከፊት አላየኋችሁም እንዴ?»

«ነበርን» አልኩ።

«እና ምን ልትሠሩ መጣችሁ? እኔ ናፈቅኳችሁ?»

ነገሩን በአጭሩ ነገርኳት። ዓይኑን፣ ሐኪሙ ያለውን፣ እሑድን። ፊቷ ተለወጠ። ጥቅሏን ፈታች፤ ሹራብና ካፖርት አውጥታ ቆርቆሮውን አለበሰችው። ባሊን በዚያ ላይ አስደገፈችውና ራሷ ጆንያው ላይ ወጥታ ፊት ለፊቱ ተንበረከከች። ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ በሁለት እጇ ያዘች።

«በል አባባ፣ አንገትህን ለኔ ስጠኝ። አውሮፕላኑ ይወዛወዝ፤ አንተን አይመለከትህም።»

ተነሳን። ሜዳው ላይ ያለው ደኅና ነበር። ተራራው ላይ ስንደርስ ግን አውሮፕላኑ ጉድጓድ የገባ ይመስል ድንገት ይወድቃል፤ ከዚያ ይነሳል። ጆንያዎቹ ገመዳቸውን ይጎትታሉ። ሰው ያስታውካል። እኔ መዝሙር ጠፍቶብኝ «አቤቱ፣ አቤቱ» ብቻ እላለሁ። ሴትዮዋ ክንዷን ዘርግታ፣ እሷ ወዲያና ወዲህ ስትመታ የባሊን ጭንቅላት እንደ እንቁላል ይዛለች።

«እህቴ» አላት ባሊ።

«ምን ልሁን?»

«ሚስቴ ይህን ብታይ ፍየል ታስከፍልሻለች።»

«ሁለት ታስከፍለኝ። አንተ ብቻ አትሳቅ፤ ስትስቅ ራስህ ይነቃነቃል።»

ትንሽ ቆይቶ ባሊ ሌላ ነገር ተናገረ፤ ቀስ ብሎ፣ ለኔ ብቻ።

«ወልዴ፣ ከዓይኔ ትኩስ ውኃ ወጣ።»

አየሁ። ነጩ ጨርቅ ከታች ረጥቧል። እንባ ይሁን፣ ዓይኑ ራሱ ፈስሶ ይሁን ማን ያውቃል? ሐኪሙ «ይፈሳል» ያለው ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ሴትዮዋም አየችው፤ እኔን አየችኝ። አያያዟንም አጠበቀች።

አርባ ምንጭ ስናርፍ ሰው ወርዶ ሲንጠራራ እሷ አልወረደችም፤ ጉልበቷን አሻሸችና ተመልሳ ያዘችው። እንደገና ተነሳን። ከዚያ ወዲያ አየሩ ቀና። ጂንካ ስንደርስ ሜዳው ላይ ከብት ነበርና እንደ ልማዱ አብራሪው አንዴ ዝቅ ብሎ ከብቱን አባረረ፤ ዞሮም አረፈ። ሰው ከቤቱ እየወጣ ዳር ዳሩን ይዟል። ካኪዎቹ ቀድመው ወረዱ፤ የሚቀበላቸው መኪና ነበር።

ትኬት ቢሮው

ከመሰላሉ እንደወረድን ሴትዮዋ ክንዴን ይዛ ወደ ትኬት ቢሮው ትጎትተኝ ጀመር።

«ወዴት?» አልኳት።

«ገንዘባችሁን ልትጠይቁ ነዋ። የፊት ከፍላችሁ የኋላ ተቀምጣችሁ የለም? ልዩነቱ ይመለሳል፤ ካሳም አለው። እኔን አንዴ እንዲህ አድርገውኝ ጠይቄ ተቀብያለሁ።»

ቆምኩ። እውነቴን ነው፣ አውሮፕላኑ ከተናጠው ይልቅ ይህ አናወጠኝ። ስልሳ ዓመት አልፌ፣ ከላይ የመጣ ሰው ካስነሳህ በኋላ የሚመለስ ነገር እንዳለ ሰምቼ አላውቅም። እግዜር ካልመለሰው ማን ይመልሰዋል?

ትኬት ቆራጩ አቶ ስዩም ይባላል፤ ሱሪውን የምሰፋለት እኔ ነኝ። ነገሩን አዳምጦ እስክሪብቶውን ያንቀረቅብ ጀመር።

«ደንቡ አለ ጋሽ ወልዴ። ከፊት ከፍሎ ከኋላ የተቀመጠ ልዩነቱ ይመለስለታል፤ ለእንግልቱም ይጨመርለታል። ግን ተገዶ ከሆነ ነው። በፈቃዱ ቦታ የለቀቀ ሰው ምንም የለውም። ከፊት ሆኖ ያየው አብራሪ ደግሞ ሽማግሌው ወንበሩን ጠርጎ 'ና ተቀመጥ' አለ ብሎኛል። ውሸት ነው?»

ውሸት አልነበረም።

«ይህ ዓይን የለው፣ በምን ፈቃድ?» አለች ሴትዮዋ።

«እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ? ማን እንደተቀመጠበት ታውቂያለሽ?» ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ በመስኮት ወደ መንገዱ ተመለከተ።

እኔ ልሂድ ብዬ ባርኔጣዬን አደረግኩ። ባሊ ግን በሩ ላይ በርኮታው ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ሰምቷል።

«ስዩም፣ ፈቃድ ምንድነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ወድደህ ማድረግ ነዋ።»

«እንግዳ መጣ፤ ተነሳሁ። እኛ ዘንድ እንግዳ ቆሞ ሰው አይቀመጥም። ግን ወንበሩን ጣልኩት ወይ? የተቀመጠበት ሰው ከእንግዲህ የኔ ሰው ነው። ቀና ብሎ 'ማነህ? ምን ሆነሃል?' ይለኛል፤ በተራው ያስቀምጠኛል። ይህ ሰው ምንም አላለኝም። የት ነው የሚያድረው?»

የአቶ ስዩም እስክሪብቶ ከእጁ ወደቀ። «አስተዳደሩ እንግዳ ማረፊያ» አለ ሳያስበው።

እንግዳ ማረፊያው በር

ለመንኩት። በአባቶቻችን ወዳጅነት ለመንኩት። «ባሊ፣ እነዚህ ሰዎች አያስቀምጡህም፤ ያስሩሃል» አልኩት። «ካሰሩኝም ያስቀምጡኛል» አለኝ። ሴትዮዋ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም። እጄን ይዞ «ምራኝ» አለ፤ መራሁት።

የአስተዳደሩ እንግዳ ማረፊያ ሩቅ አይደለም፤ ለእኔ ግን እግሬ ከመሬቱ አልለቅ ብሎ ረዘመብኝ። ዘበኛው መሣሪያውን አስተካከለ። ባሊ በርኮታውን በሩ ፊት አስቀምጦ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«ወንበሬ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ እዚህ አለ። ልጠይቀው መጣሁ» አለ።

ዘበኛው ግራ ገብቶት ገባ። ቆይቶ ከካኪዎቹ ታላቁ ወጡ፤ ረዘም ያሉ፣ መነጽር ያደረጉ ሰው ናቸው፤ ወደ ኦሞ ዳር፣ ወደ ካንጋተን ለእርሻ ሥራ ሊወርዱ የመጡ ናቸው አሉ። እጃቸው ላይ ፎጣ አለ፤ ፊታቸውን እየታጠቡ ነበር።

«ምንድነው ጉዳዩ?»

ባሊ በራሱ ቋንቋ ጀመረና «ወልዴ፣ ንገረው» አለኝ።

«ጓድ፣ እንኳን ደኅና መጡ ሊልዎት ነው» አልኩ።

«እንደዚያ አላልኩም» አለ ባሊ በአማርኛ። «የምትፈራ ከሆነ እኔ በመጥፎ አማርኛዬ እናገራለሁ።»

አፈርኩ። እንዳለው አድርጌ ተረጎምኩላቸው። እንዲህ ነበር ቃሉ፦ «አንተ ቆመህ ነበር፤ እኔ ተነሳሁልህ። ይህ ዓይኔ አንድ ነው፤ ሌላ የለኝም። ሐኪም አትናጥ ብሎኝ ላም ሸጬ ያን ወንበር ገዛሁ። ሰጠሁህ። አንተ ግን ማነህ አላልከኝም። አሁን ዓይኔ ውኃ ያፈሳል። ልናገርህ የመጣሁት ይህን ነው። ጠብ አይደለም።»

ሰውየው ፎጣውን እንደያዙ ቆሙ። የረጠበውን ጨርቅ አዩ። ቀስ ብለው ጎንበስ አሉ።

«ወንበሩ ባዶ ነው ብለውኝ ነው የገባሁት» አሉ። «ሽማግሌ አስነሥተው እንደሆነ ማን ነገረኝ? አባቴ፣ እውነት እልሃለሁ፣ ወደ ኋላ ዞሬም አላየሁ።»

ድንጋጤ ልታዩ ከፈለጋችሁ ያን ፊት ማየት ነበረባችሁ። እኔ ደግሞ እሳቸው በመደንገጣቸው ደነገጥኩ። እኔ ሳስበው የነበረው ሁላችንም ስንንገላታ ቁጭ ብለው የሚስቁ ሰው ነበር።

ሸሚዛቸውን ለብሰው ወጡና ባሊን በራሳቸው እጅ ይዘው ከኛ ጋር በእግራቸው ወደ ትኬት ቢሮው ሄዱ። ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። አቶ ስዩም ሲያያቸው ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሳ።

«ይህ ሰው በፈቃዱ አልተነሳም» አሉት። «እንግዳ ነው የተቀበለው። የሚገባውን ስጠው።»

አቶ ስዩም ከሣጥኑ አወጣ፤ የሁለታችንንም ልዩነት፣ ካሳውንም ጨምሮ። «ይቅርታ አባቶች፤ በድርጅቱ ስም» አለ። ይቅርታ የሚል ቃል ከመስኮት ወዲያ ካለ ሰው ስሰማ ያን ቀን መጀመሪያዬ ነው።

ሻዩ

ባሊ ብሩን አልከተተውም። «ይህ ብቻዬን አይበላም» አለ። እንደሱ አባባል፣ ካሳን ተቀብሎ ብቻውን ይዞ የሄደ ሰው ጠቡንም ይዞ ሄደ። አብሮ ከተበላ ነው ነገሩ የሚያልቀው። ከቢሮው አጠገብ ሻይ ቤት አለ። ለሁሉም ሻይና ዳቦ አዘዘ፤ ለአቶ ስዩም፣ ለሴትዮዋ፣ ለሰውየው፣ ተከትሎን ለመጣው ዘበኛ ሳይቀር። እኔን ፍየል ካልገዛሁ ብሎኝ ነበር፤ ሰውየው በጠዋት ወራጅ ናቸውና ፍየሉ ቀረ።

ሻይ ቤቱ አግዳሚው ሞልቶ ሰውየው ብርጭቆ ይዘው ቆሙ። ባሊ ይህን በድምፃቸው አወቀ። ተነሳና በርኮታውን በእጁ ጠረገ፤ አውሮፕላኑ ውስጥ እንዳደረገው።

«ተቀመጥ» አላቸው።

ሰውየው እኔን አዩኝ። በርኮታ ምን እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ሌላ ሰው እንደማይቀመጥበትም ነገርኳቸው። ያን ሲሰሙ ወደ ኋላ አሉ።

«ኧረ አይሆንም።»

«ይሄኛው ነው በፈቃዴ» አለ ባሊ። «ስዩም፣ ስማ። ፈቃድ ማለት ይሄ ነው።»

ተቀመጡ። ያ ረጅም ሰው ያቺ ስንዝር የማትሞላ በርኮታ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ጆሮው ደረሰ። ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ብትይዝም አልቻለችም፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። እኔ ብቻ ዓይኔ ከረጠበው ጨርቅ ላይ አልተነሳም። ወንበሩ ተመለሰ፤ ዓይኑስ?

እሑድ፣ ከዚያም ካኮ

እስከ እሑድ ባሊ የኔ ቤት ቀና ብሎ፣ ትራስ ተደግፎ ተቀመጠ። እሑድ ከጸሎት መልስ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ድሬሰሩ ጨርቁን በሞቀ ውኃ እያራሰ ላጠው። እኔ ግድግዳውን ይዤ ቆሜያለሁ። የባሊ ሽፋሽፍት ተጣብቋል፤ ዓይኑን ከፈተው፤ ዘጋው፤ ከፈተው። ድሬሰሩ ጣቱን ቢያሳየው «እጅህን አውርድ» አለው። ወደኔ ዞረ። ብዙ አየኝ።

«ወልዴ» አለ በመጨረሻ፣ «ልብስ ሰፊ ሆነህ ሸሚዝህ ቁልፍ የለውም። ደግሞ አርጅተሃል።»

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሐኪሙ የፈራው መናጥ ጊዜው አልፎ ነበርና፣ ድሬሰሩም ስለፈቀደ፣ በሳምንቱ በጭነት መኪና ጋቢና ካኮ አደረስኩት። ሚስቱና ልጆቹ ወጥተው ነበር፤ እሱ ግን ቀጥ ብሎ ወደ በረቱ ገባ። ከብቶቹን ሳይነካ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እያንዳንዱን በመልኩ ጠራው። ያ ቀደም ሲል የዳሰሰው በሬ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ የኔ ነው» አለ።

እኔም በማግስቱ ጂንካ ገብቼ የስፌት መኪናዬን አቧራ ጠረግኩ። ከዚያ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፦ ሰው በጨዋነት ከወንበሩ ቢነሳ ወንበሩን አልሰጠም፤ «የኔ ነበር» ማለትም ጠብ አይደለም። እኔ ይህን የተማርኩት በፍርሃት እየተንቀጠቀጥኩ፣ በሁለት ሰዎች ትከሻ ላይ ሆኜ ነው። አንዱ ባሊ ነው። ሁለተኛዋ ያቺ ሴት ናት። እሑድ ከጤና ጣቢያው ወጥተን ገበያ ብንፈልጋት ሰልባጇን ሸጣ ሄዳለች፤ ስሟን እንኳ አልጠየቅናትም ነበር። ኋላ ስሟንም የምትነግድበትንም ከአቶ ስዩም አገኘን።

ከዚያ ወዲህ ባሊ ማር በቆረጠ ቁጥር ከኔ ድርሻ ጎን አንድ ቅል ይጨምራል፤ ወደ አርባ ምንጭ ለሚወጣ ሾፌር እሰጣለሁ። ቅሉ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ለዚህ እንኳ ፊደል መለየቴ ጠቀመኝ። ፊደሌ ጠማማ ነው፤ ግን ይነበባል፦ አርባ ምንጭ፣ ገበያው ውስጥ፣ ሰልባጅ ተራ፣ ለእትዬ አስካለ።